ጥያቄና አቤቱታ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ እና የመንግሥት መልስ ሰጪነት

መግቢያ

የሐዲስ ዓለማየሁ ስም ሲነሣ በአንባቢ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመንግሥት ሥራ ነበር። መምህር፣ አርበኛ፣ የጦር እስረኛ፣ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን ከአንድ ጉዳይ አንጻር ይመለከታል። ሕዝቡ ወይም እንደራሴው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ፣ ስለ መንግሥት ወጪና ስለ አገር ምልክቶች ሲጠይቅ መንግሥት የመመለስ ግዴታ አለበት ወይ? የሚለው ነው።

ለዚህም ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። አቤቱታ ሰሚው ሲፈቅድ ብቻ የሚሰማ ልመና ነው። ጥያቄ ግን፣ በፓርላማ ትርጉሙ፣ ተጠያቂው ባይወድም በሕግ ተገዶ የሚመልሰው ነው። የሐዲስ ዘመን ኢትዮጵያ አቤቱታን በሚገባ ታውቅ ነበር፤ ጥያቄን ግን በከፊል ብቻ ፈቅዳለች። በዚህ ልዩነት የተነሣ የደረሰውን ጉዳት ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በጉልህ ያየው የጎጃም ደጋ ነው።

ከእንዶዳም እስከ ፖንዛ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተከታትለው ከቅኔው ከቀሰሙ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ከዚያም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በመምህርነት አገለገሉ።

ያደጉበት ጎጃም በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይገዛ ነበር። የራስ ኃይሉ አስተዳደር በግብር ዓይነት ብዛትና በንግድ ላይ በነበረው ጥብቅ ቁጥጥር የታወቀ ነው። ገዥው ከሕዝቡ የሚሰበስበውን ሀብት የግል ሀብቱ ከሆነው የሚለይ ግልጽ ድንበር አልነበረም፤ ባላገሩም የከፈለው ግብር ምን ላይ እንደ ዋለ የሚጠይቅበት ሸንጎ አልነበረውም። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ታውጆ ሁለት ምክር ቤቶች ቢቋቋሙም፣ የሁለቱም አባላት በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ክስ ተፈርዶባቸው ሲነሡ የጎጃም ግዛት ለራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሰጠ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሐዲስ በራስ እምሩ ሥር ሆነው ተዋጉ። ከሰሜኑ ግንባር ማፈግፈግ በኋላ ራስ እምሩ በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቢቀጥሉም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማረኩ። ሐዲስም ከምርኮኞቹ መካከል ነበሩ። ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ፤ ነጻ የወጡትም የተባባሪ ኃይሎች ጦር ደቡብ ጣሊያንን በያዘ ጊዜ ነው። ከሰባት ዓመት ያህል በኋላ አገራቸውን ሲያዩ የሦስቱ ቀለማት ሰንደቅ ዓላማ ተመልሶ ይውለበለብ ነበር። በሰንደቁ ሥር ያለው መንግሥት ለማን መልስ እንደሚሰጥ ግን ገና አልተወሰነም።

ከኢየሩሳሌም እስከ ለንደን

ከነጻነት በኋላ ሐዲስ በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆነው ተሾሙ። ቀጥሎም በዋሽንግተን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠሩ። ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ በብሪታንያና በኔዘርላንድስ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ።

የለንደኑ ዘመን ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። የብሪታንያ ፓርላማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተወሰኑ ቀናትና ሰዓት በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ለእንደራሴዎች ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን ሥርዓት በሐምሌ 1953 ዓ.ም. በሙከራ ጀምሮ በ1954 ዓ.ም. ቋሚ አደረገው። ሐዲስ በዚያች ከተማ መንግሥታቸውን ወክለው ሲሠሩ አንድ ተራ የምክር ቤት አባል ስለ ዳቦ ዋጋም ሆነ ስለ ጦር መሣሪያ ወጪ የመንግሥቱን መሪ በአደባባይ መጠየቅ ይችል ነበር። ጥያቄው ከልመና የሚለየው መልሱ የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ነው።

ባላገሮቹና ፊታውራሪው

ሐዲስ ወደ አገራቸው ተመልሰው የፕላንና ልማት ሚኒስትር በሆኑበት በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ልብ ወለዱ በአመዛኙ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ተደርጎ ይነበባል። በመካከሉ ግን የግብር ታሪክ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው ግብር በላይ ተጨማሪ ስጦታ እንዲቀርብላቸው ያዝዛሉ፤ ባላገሮቹም አባቶቻቸው ያልከፈሉትን አንከፍልም ይላሉ። ፊታውራሪው ይህን እንደ ድፍረት ቆጥረው ጦር ይዘው ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ባላገሮችም ድል አድርገው ይማርኳቸዋል።

በዚህ ክፍል ልብ ሊባል የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ባላገሮቹ የጀመሩት በጠብመንጃ አይደለም። አዲሱ ክፍያ በየትኛው ሥርዓት እንደ ተጣለባቸው በማንሣት ጀመሩ። ፊታውራሪው በባላገር ፊት ምክንያት መስጠት ክብራቸውን የሚነካ መሰላቸው። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ጠመንጃው የንግግሩን ቦታ ወሰደ። የቤተ ዘመዱ አባል የሆነው ጉዱ ካሣም ሥርዓቱ በልማድ ብቻ ቆሞ በምክንያት ሊደገፍ አለመቻሉን እያነሣ ሲከራከር የሚሰጠው ስም እብድ የሚል ነው። መልስ መስጠት የማይፈልግ ሥርዓት ጠያቂውን ወይ ዐመፀኛ ወይ እብድ ያደርገዋል። ደራሲው ይህን የጻፉት መጽሐፉ በታተመበት ዓመት የመንግሥትን የልማት ዕቅድ ይመሩ የነበሩ ሚኒስትር ሆነው ነው።

ፓርላማው ምን መጠየቅ ይችል ነበር?

ሐዲስ ከሚኒስትርነት በኋላ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ አገለገሉ። የዚህን ምክር ቤት ሥልጣን ለመረዳት በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት መመልከት ያሻል።

በዚህ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ለአራት ዓመት ሲመረጡ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ለስድስት ዓመት ይሾሙ ነበር። ከምክር ቤቶቹ አንዱ በአባላቱ ድምፅ ብልጫ ሲጠይቅ ሚኒስትሮች ራሳቸው ወይም በወኪላቸው ቀርበው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ይገደዳሉ። ግዴታው ግን ሊወጡ ለታሰቡ ሕጎች ብቻ ነበር። ሚኒስትሩ ስለ ሚኒስቴሩ ሥራ ለመናገር መብት ነበረው እንጂ ምክር ቤቱ ስለ ዕለት ተዕለት አሠራሩ ሲጠይቀው የመመለስ ተመሳሳይ ግዴታ አልተጣለበትም። ሹመቱም ሽረቱም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነበር።

በመንግሥት ወጪ ረገድ የዓመቱ በጀት ለፓርላማ ይቀርብ ነበር። ፓርላማው በዝርዝር ተወያይቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከቀረበለት ጠቅላላ ወጪ በላይ መጨመር ግን አይችልም። በጀቱን በጊዜው ሳያጸድቅ ቢቀር ያለፈው ዓመት በጀት ሥራ ላይ ይቆያል። ስለዚህ በሌሎች አገሮች የምክር ቤት ዋነኛ መሣሪያ የሆነው በጀት የመከልከል ሥልጣን እዚህ ጉልበቱ የተወሰነ ነበር። በንግድና በውጭ ግንኙነት በኩል ብድርን፣ ሞኖፖልን ወይም የመንግሥት ወጪን የሚያስከትሉ ስምምነቶች ከመጽናታቸው በፊት ለፓርላማ እንዲቀርቡ ተደንግጓል። የሰንደቅ ዓላማው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማትም በዚሁ ሕገ መንግሥት ሰፍረዋል። ምልክቱ የሕግ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። በምልክቱ ስም የሚሠራው አስፈጻሚ ግን ለሕዝብ እንደራሴ ተጠሪ አልሆነም።

በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን መርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርብ መፈቀዱ አንድ እርምጃ ነበር። ይሁንና ይህም ተጠያቂነትን ወደ ፓርላማ አላሻገረም።

ጎጃም በ1960 ዓ.ም.

የዚህ ክፍተት ዋጋ የተከፈለው በጎጃም ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ነበር፤ በሁለቱም ምክር ቤቶች ክርክር ተደርጎበታል። ከሥርዓት አንጻር እንደራሴዎች የተነጋገሩበት ሕግ ነው። የጎጃም ርስተኛ ግን ክርክሩን አልሰማም። የደረሰው ገማቹና ፖሊሱ ነው።

ባላገሩ የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። ጎጃም ከነጻነት በኋላ በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች መሬቱ ሳይለካ በቀድሞው መጠን ከሚከፍሉት ግዛቶች አንዱ ነበር። የገቢ ግምቱ የቃላድ መንገድ ጠራጊ፣ ቃላዱም ርስት ነጣቂ መስሎ ታየው። ይህ ሥጋት በቂ መሠረት አለው ወይስ የለውም የሚለውን የሚመልስ ኃላፊ በጊዜው ቢቀርብ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። ሕዝቡ ሽማግሌዎችን ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ ይህ ግን አቤቱታ እንጂ ጥያቄ አልነበረም። በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት አካባቢ ተቃውሞው ወደ ትጥቅ ዐመፅ ተለወጠ፤ መንግሥትም ጦር ላከ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የቆየው የግብር ውዝፍም ተማረ። በምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ በደም ከተጻፈ በኋላ በምሕረት ተዘጋ።

የሐዲስ አቋም አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ይታያል። ከሁለት ዓመት በፊት የባላገሩንና የፊታውራሪውን ግጭት በልብ ወለድ የጻፉ ሰው፣ ተመሳሳይ ግጭት በተወለዱበት ጠቅላይ ግዛት ሲነሣ የተቀመጡት ሕዝብ ባልመረጠው ምክር ቤት ወንበር ላይ ነበር።

ርእሱ ጥያቄ የሆነ መጽሐፍ

በ1966 ዓ.ም. ሐዲስ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ መጽሐፍ አወጡ። ርእሱን በጥያቄ መልክ ማቅረባቸው ጉዳዩን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ለአንባቢው ፍርድ የሚሰጥ ነው። በዚያው ዓመት የተዘጋጀው ረቂቅ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠያቂ ለማድረግ አስቦ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማውም ተበተነ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

በዚያ የሽግግር ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ቢቀርብላቸው ሐዲስ አልተቀበሉም። ከዚያ በኋላ ትኩረታቸውን ወደ ብዕራቸው መልሰው «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ «የልምዣት»ንና የሕይወት ማስታወሻቸውን «ትዝታ»ን ለአንባቢ አበረከቱ። የመጀመሪያው ርእስ ራሱ ፈራጁን በተከሳሽ ቦታ የሚያቆም መሆኑ ከቀደመው ሐሳባቸው ጋር ይስማማል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

መደምደሚያ

የሐዲስ ሕይወት ሦስት ወንበሮችን ያሳየናል። በባላገሩ መደብ ተወልደዋል፣ በሚኒስትሩ ወንበር ተቀምጠዋል፣ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተሰይመዋል። ሦስቱን የሚያያይዝ የመልስ ግዴታ ባለመኖሩ ባላገሩ አቤት ሲል፣ ሚኒስትሩ ለሾመው ብቻ ሲያስረዳ፣ ምክር ቤቱም በቀረበለት ረቂቅ ላይ ብቻ ሲነጋገር ኖረዋል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በጀት ማጽደቅም የዚሁ ምክር ቤት ሥልጣን ነው፤ ሰንደቅ ዓላማውና ዓርማው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ተመልክተዋል። በ1948 ዓ.ም. ለሚወጣ ሕግ ብቻ ታጥሮ የነበረው ጥያቄ በጽሑፍ ደረጃ ተፈትቷል። ከጎጃም ታሪክ የሚወሰደው መለኪያ ግን ከድንጋጌው አልፎ ይሄዳል። እንደራሴው የጠየቀው ጥያቄና ያገኘው መልስ ግብር ከፋዩ ዘንድ በሚገባው ቋንቋ፣ ገማቹ ከመድረሱ በፊት መድረስ አለበት። ይህ ባልሆነበት ጊዜ ጥያቄው ተመልሶ አቤቱታ ይሆናል፤ አቤቱታም ሰሚ ሲያጣ ምን እንደሚከተል የሞጣና የቢቸና መንደሮች ያውቁታል።