ቦታዋን የሳተች ሽቦ፤ የጄምስ ኦልድስ ሕይወት

ከሐረርጌ ተነሥቶ በአዋሽ ከተማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚበረውን የጫት መኪና ያላየ ከመካከላችን የለም። ጥሩንባውን እየነፋ ሰውንም ፍየሉንም እያስበረገገ ያልፋል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምንድን ነው? በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ እየተለወጠ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው። ነገር ግን ሱስ አንጎላችንን በየት በኩል እንደሚይዘው ለማወቅ በር የከፈተው ሰው ሥራውን የጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ አቀርብላችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ኦልድስ በ1922 በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ተወለደ። የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ደረሰ ትምህርቱን አቋርጦ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርቱን ቀጠለና በ1952 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። ሆኖም አንጎልን በላቦራቶሪ መመርመር ገና አልለመደም ነበር። ስለዚህ በ1953 ወደ ካናዳ ሄዶ በሞንትሪያል በሚገኘው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ በታዋቂው የሥነ ልቡና ሊቅ በዶናልድ ሄብ ሥር መሥራት ጀመረ። እዚያም ፒተር ሚልነር የተባለ ባልደረባው በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ እንዴት እንደሚተከል አሳየው።

ያው ጀማሪ ነበረና አንድ ጊዜ ሽቦው ካሰበው ቦታ ሳተ። እሱ ግን መሳቱን አላወቀም። አይጧን ጠረጴዛ ላይ ለቀቃትና ወደ አንደኛው ማዕዘን በሄደች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጣት ጀመር። አይጧ ትሸሻለች ሲባል ጭራሽ ወደዚያችው ማዕዘን ትመላለስ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ተበላሸ ብሎ ይተወው ነበር። ኦልድስ ግን ምክንያቱን ለማወቅ ቆረጠ።

ቀጥሎም ከሚልነር ጋር ሆኖ አይጦቹ ራሳቸው ሲጫኑት ኤሌክትሪኩን የሚለቅላቸው መሣሪያ አዘጋጀ። ውጤቱን በ1954 አሳተሙ። በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ አይጦች በሰዓት ከ2000 ጊዜ በላይ ይጫኑት ነበር። ርቧቸው እንኳ ምግቡን ትተው መጫኑን ይመርጡ ነበር። አንዳንዶቹም ድካም እስኪጥላቸው ድረስ አላቆሙም። ጓደኞቼ፣ ይህን ሳነብ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ምሳውን ትቶ ጫቱን የሚያስቀድመው ሾፌር ትዝ አለኝ።

ኦልድስ ከዚያ ወዲያ በካሊፎርኒያ፣ ከ1957 ጀምሮ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 ጀምሮ ደግሞ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠራ። ባለቤቱ ማሪያን ኦልድስም የአንጎል ተመራማሪ ስለነበረች አብረው ሠርተዋል። በነሐሴ 1976 ባሕር ሲዋኝ በ54 ዓመቱ ሞተ።

እሱ ያንን የአንጎል ክፍል የደስታ ማዕከል ነበር ያለው። ከሞቱ በኋላ የተደረገው ምርምር ግን አሳቡን በከፊል አረመው። በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮልም ሆነ የጫቱ ካቲኖን በዚህ የአንጎል መንገድ ላይ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛሉ። ዶፓሚን ደግሞ ከደስታው ይልቅ የሚያበረታው ፍላጎቱን ነው። ስለዚህ ሱሰኛ ሰው ደስታው ካለቀበት በኋላ እንኳ ፍላጎቱ ይጎትተዋል፤ ቢመክሩትም ቢሰድቡትም መተው ያቅተዋል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ጫት የለመደ አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ነበር። መምህሩ አንድ ቀን በተማሪው ሁሉ ፊት አቁሞ ሰደበው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። በማግሥቱ ልጁ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም። ምን እንደ ሆነ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ነገ እኛም በየወረዳው ተመድበን ክፍል ፊት እንቆማለን። እንዲህ ያለ ልጅ አያጋጥመንም ማለት ዘበት ነው። ኦልድስ አንዲት አይጥ ወደ ማዕዘኑ ለምን እንደምትመለስ ለማወቅ ሃያ ዓመት ያህል ደክሟል። እኛ ደግሞ ለተማሪያችን ከትምህርት በኋላ ሩብ ሰዓት እንስጠው፤ ከመቆጣታችን በፊትም እንጠይቀው።