አሌሳንድሮ ቮልታና ስሙን የተሸከመው ማዕድን

በእጅ ባትሪ ድንጋይ ላይ 1.5 ቮልት፤ በመብራት አምፑል ላይ ደግሞ 220 ቮልት የሚል ጽሑፍ ሁላችንም አይተናል። ይህ ቃል ከአንድ ሰው ስም የመጣ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ያው ስም ለአንድ ብርቅ ማዕድን ጭምር መሰጠቱን የሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ የባለ ስሙን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎች ባጭሩ አቀርባለሁ። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሌሳንድሮ ቮልታ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1745 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፤ ኮሞ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ተወለደ። እስከ አራት ዓመቱ ገደማ አፉን ስላልፈታ ቤተ ሰቦቹ እጅግ አዝነው ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ሞተበት። ዘመዶቹ ሕግ እንዲማር ቢመኙም፤ የእርሱ ልብ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ምርምር ነበር። ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፤ ማለት በእኛ ዕድሜ፤ ስለ ኤሌክትሪክ ከታወቁ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ጀመር።

በ1774 ዓ.ም. በትውልድ ከተማው የፊዚክስ መምህር ሆነ። በ1776 ዓ.ም. በማጆሬ ሐይቅ ዳር ረግረጉን በበትር እያማሰለ፤ ከጭቃው የሚወጣውን የአየር አረፋ በዕቃ ሰብስቦ በእሳት ሞከረው። ይህ ዛሬ ሚቴን የምንለው ጋዝ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ ለብዙ ዓመታት አስተማረ።

በ1791 ዓ.ም. የቦሎኛው ሊቅ ሉዊጂ ጋልቫኒ፤ የሞተች እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ እንደሚንፈራገጥ ገለጸ፤ ምክንያቱም በእንስሳው አካል ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው አለ። ቮልታ በመጀመሪያ ተቀበለው፤ ነገር ግን ሙከራውን ደጋግሞ ሲሠራ ተጠራጠረ። እግሩ ይበልጥ የሚንፈራገጠው ሁለት ዓይነት ብረቶች ሲገናኙበት መሆኑን ስላየ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከብረቶቹ ነው ብሎ ተከራከረ። በዚህም የአውሮፓ ሊቃውንት በሁለት ወገን ተከፈሉ። ጋልቫኒ ለአዲሱ መንግሥት አልምልም በማለቱ ከማስተማር ሥራው ተሰናብቶ፤ ክርክሩ ሳያልቅ በ1798 ዓ.ም. ሞተ።

ቮልታም ለክርክሩ የሰጠው መልስ ሥራ ነበር። የብርና የዚንክ ክብ ቁራጮችን፤ በመካከላቸው በጨው ውሃ የተነከረ ካርቶን እያደረገ፤ ደራርቦ አቆማቸው። ያለ እንቁራሪት ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ፈሰሰ። ይህን የመጀመሪያ ባትሪ በማርች 20 ቀን 1800 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ ለለንደን ሊቃውንት አስታወቀ። በ1801 ዓ.ም. በፓሪስ በናፖሊዮን ፊት አሳይቶ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ይሁን እንጂ ጋልቫኒም ባዶ እጁን አልቀረም፤ በእንስሳ አካል ውስጥ በእርግጥ ኤሌክትሪክ አለ። ቮልታም ኃይሉ ከብረቶቹ መነካካት ብቻ የሚመጣ መስሎት ነበር፤ የባትሪው ኃይል ግን ከኬሚካል ለውጥ የሚገኝ መሆኑን የኋላ ሰዎች አስረዱ።

በ1807 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በዚሁ ባትሪ ኃይል ፖታሲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ። ቮልታ በማርች 5 ቀን 1827 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በ1841 ዓ.ም. ደግሞ በኔፕልስ አጠገብ፤ በፖትሱኦሊ ሶልፋታራ የተገኘ ማዕድን ለክብሩ ቮልታይት ተባለ። በዚያ ስፍራ ከምድር ውስጥ ድኝ ያለበት ትኩስ እንፋሎት ይወጣል። ከእርሱ የሚፈጠረው አሲድ ድንጋዩን ሲበላ፤ ብረት፤ አሉሚኒየምና ፖታሲየም ከሰልፌትና ከውሃ ጋር ተዋህደው ቮልታይት ይሆናሉ። በቀመሩ ውስጥ ለ12 ሰልፌት 18 የውሃ ሞሌኪውል ይቈጠራል። መልኩ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እንደ ሙጫ ያብለጨልጫል፤ ቢላዋ ይቧጥጠዋል፤ ክብደቱም ከእኩል መጠን ውሃ 2.7 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በካሊፎርኒያ በአይረን ማውንቴን የማዕድን ጉድጓድም ይገኛል፤ በዚያ ግን አሲዱ የሚፈጠረው የብረትና የድኝ ማዕድን የሆነው ፓይራይት በአየርና በውሃ ሲበላ ነው። ስለዚህ በቮልታ ባትሪ መጀመሪያ የተለየው ፖታሲየም፤ በቮልታ ስም በተጠራው ማዕድን ውስጥም አለ ማለት ነው።

በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የኤሌክትሪክን ግፊት መለኪያ ቮልት ብለው አጸደቁ። የጋልቫኒም ስም ጋልቫኖሜትር በሚባለው መሣሪያ ላይ ይኖራል። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ የሁለቱ ሰዎች ክርክር በስድብ ሳይሆን በሙከራ ስለ ተካሄደ፤ ከሁለቱም ወገን የተገኘው እውነት ለዓለም ተረፈ። እኛም በክፍልም ሆነ በላቦራቶሪ ስንከራከር፤ ድምፃችንን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ሙከራችንን ደግመን ብንሠራ ይሻለናል።