ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ የጻፈው ሐኪም

ደም በልብና በሳንባ መካከል ስለሚመላለስበት መንገድ ስንማር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የእንግሊዛዊውን የዊልያም ሃርቬይን ስም ነው። እኔ ግን ሃርቬይ በ1628 ዓ.ም. መጽሐፉን ከማሳተሙ 386 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሳንባው መንገድ የጻፈውን የአላኡዲን ኢብን አል-ነፊስን ታሪክ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኢብን አል-ነፊስ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በደማስቆ አካባቢ ተወለደ። በዚያው በኑሪ ሆስፒታል ሕክምናን ተምሮ ወደ ካይሮ ሄደ። በካይሮም ሐኪም ብቻ አልነበረም፤ የሐረር ዑለማ በሚከተሉት በሻፍዒ መዝሀብ የሕግ መምህርም ነበረ። የጀጎል ሼኾች ቢያገኙት ኖሮ ስለ በሽታ ብቻ ሳይሆን ስለ ፍቅህም ባነጋገሩት ነበር።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች ሁሉ የሚመሩት በግሪካዊው በጋሌን ትምህርት ነበር። ጋሌን ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ከበሮቹም ሌላ ሌሊት ጅብ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ስለዚህ ለእኛ ለሐረር ልጆች የጋሌን ሐሳብ እንግዳ አይመስለንም።

ኢብን አል-ነፊስ ግን በ1242 ዓ.ም. የኢብን ሲናን የሰውነት አካል ትምህርት ሲያብራራ፣ የልብ ግድግዳ ድፍን ነው፤ የሚታይም የተሰወረም ቀዳዳ የለውም ብሎ ጻፈ። እንግዲያስ ደሙ መዞር አለበት። ከቀኙ ክፍል ወጥቶ በደም ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በዚያ ተሰራጭቶ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በሌላ ደም ሥር ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። በሁለቱ የሳንባ ደም ሥሮች መካከልም ረቂቅ መተላለፊያ መኖሩን ገመተ። ያንን መተላለፊያ ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያየው በ1661 ዓ.ም. ነው።

ደም በሳንባ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥቶ ኦክሲጅን እንደሚቀበል እርሱ አላወቀም፤ ከአየርና ከደም የሕይወት መንፈስ ይሠራል ብሎ ያምን ነበር። ሬሳ ከመቅደድም ሕጉና ርኅራኄው እንደሚከለክሉት ጽፏል። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው መሣሪያው ማሰብ ነበር፤ ግድግዳው ዝግ ከሆነ፣ ደሙም በግራ በኩል ከተገኘ፣ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው።

እንደሚተረከው አንድ ቀን በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገላውን ሲታጠብ ድንገት ወጥቶ ወረቀትና ቀለም አስመጣ፤ ስለ ልብ ትርታ አንድ ጽሑፍ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ታጠበ። በመጨረሻ ሕመሙም ሐኪሞች የወይን ጠጅ ለመድኃኒት ቢሰጡት፣ በሆዴ ጠጅ ይዤ ፈጣሪዬን አልገናኝም ብሎ እንቢ አለ ይባላል። ቤቱንና መጻሕፍቱን ለካይሮው ለመንሱሪ ሆስፒታል አውርሶ በ1288 ዓ.ም. ሞተ።

ከዚያ በኋላ ይህ ግኝቱ ተረሳ። በከተማችን በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡትን የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ያየ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ይገባዋል። በ1924 ዓ.ም. በጀርመን አገር ይማር የነበረ ሙሕየዲን አል-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበረውን ቅጂ መርምሮ የዶክተርነት ጽሑፉን አቀረበ። መምህራኑ ነገሩን ማመን አቅቷቸው፣ ጽሑፉን ዐረብኛ ለሚያውቀውና በካይሮ ለሚኖረው ለጀርመናዊው ሐኪም ለማክስ ማየርሆፍ ላኩት። ማየርሆፍም መርምሮ ትክክል መሆኑን መሰከረ።