አርተር አሽ

አርተር አሽ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1943 – ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1993) አሜሪካዊ የቴኒስ ተጫዋች ነበር። በወንዶች ነጠላ ውድድር የአሜሪካ ኦፕንን፣ የአውስትራሊያ ኦፕንንና ዊምብልደንን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው።

የተወለደው በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ ነው። እናቱ የሞተችው ገና በ6 ዓመቱ ነው። አባቱ ለጥቁሮች ብቻ የተመደበ መናፈሻ ጠባቂ ስለነበር ልጁ ያደገው ከመናፈሻው የቴኒስ ሜዳዎች አጠገብ ነው።

በ1968 የአሜሪካ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ለፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ተከፈተ። በወቅቱ የጦር መኮንን የነበረው አሽ ግን፣ ለሀገሩ በዴቪስ ካፕ ለመሰለፍ ሲል አማተር ሆኖ ቆይቶ ነበር። በፍጻሜው የኔዘርላንዱን ቶም ኦከርን 3 ለ 2 አሸነፈ። አማተር ሽልማት መቀበል ስለማይፈቀድለት 14,000 ዶላሩ ለተሸናፊው ኦከር ተሰጠ፤ ሻምፒዮኑ ያገኘው በቀን 20 ዶላር አበል ብቻ ነበር።

የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ቪዛ ደጋግሞ ከከለከለው በኋላ በ1973 ፈቀደለት። አሽም ተመልካቹ በዘር ሳይለይ እንዲቀመጥ ጠይቆ ተጫወተ፤ ከዚያው ከኦከር ጋር ተጣምሮም የጥንድ ዋንጫ ወሰደ። በ1975 የዊምብልደንን ፍጻሜ ጂሚ ኮነርስን ረትቶ አሸነፈ።

በ1983 በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ በተሰጠው ደም ኤችአይቪ እንደያዘው ይታመናል። ሕመሙን በ1992 ለሕዝብ ይፋ አድርጎ እስከ ሕልፈቱ ስለ ኤድስ አስተምሯል። በ1997 የተከፈተው የአሜሪካ ኦፕን ዋና ስታዲየም በስሙ ይጠራል።