ደረቅ በትር ያጠጣው መነኩሴ፦ ዮሐንስ ሐፂር

በግብፅ በረሃ አንድ ወጣት መነኩሴ በየምሽቱ ውሃ ለመቅዳት ከበአቱ ይወጣ ነበር። ውሃው ሩቅ በመሆኑ የሚመለሰው ሲነጋ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው መምህሩ አሸዋ ላይ የተከሉትን አንድ ደረቅ በትር ለማጠጣት ነበር። መምህሩ በትሩ እስኪያፈራ ድረስ እንዲያጠጣው አዘዙት እንጂ ምክንያቱን አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም።

ወጣቱ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዮሐንስ ሐፂር፣ ማለትም አጭሩ ዮሐንስ፣ ተብሎ የሚታወቀው ነው። መታሰቢያውም ጥቅምት 20 ቀን ይውላል።

ዮሐንስ በ339 ዓ.ም. ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በላይኛው ግብፅ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ገደማ ገዳመ አስቄጥስ ገባ። ይህ ቦታ ዛሬ በካይሮና በእስክንድርያ መካከል የሚገኘው ዋዲ ናትሩን ነው።

ታዛዥነት ግን አብሮት የተወለደ ጠባይ አልነበረም። ስለ ወጣትነቱ የሚነገረው ታሪክ እንዲያውም ሌላ ሰው ያሳያል። አንድ ቀን እንደ መላእክት ያለ ሥራና ያለ ጭንቀት እግዚአብሔርን ብቻ እያመሰገነ ለመኖር ወስኖ፣ አብሮት ይኖር የነበረውን ወንድሙን ተሰናብቶ ልብሱን ጥሎ ወደ በረሃ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ በር አንኳኳ። ወንድሙም ዮሐንስ መልአክ ሆኗልና ከሰዎች ጋር የለም ብሎ እስኪነጋ ውጭ አሳደረው። ሲነጋ ከፍቶለት፣ ሰው ከሆነ እንጀራውን ለማግኘት መሥራት እንዳለበት ነገረው። ዮሐንስ ይቅርታ ጠየቀ።

የበትሩ ታሪክ በሁለት መልክ ደርሶናል። በአበው ዜና መጻሕፍት የሚገኘው ዮሐንስ ሐፂር ሦስት ዓመት እንዳጠጣውና በሦስተኛው ዓመት በትሩ ለምልሞ እንዳፈራ ይተርካል። መምህሩም ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ለወንድሞች የታዛዥነት ፍሬ ነው ብለው አካፈሉ። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ዮሐንስ ካሲያን ግን ተመሳሳዩን ታሪክ ስለ ሌላ የግብፅ መነኩሴ፣ ስለ ሊቆጶሊሱ ዮሐንስ፣ ይናገራል። በእርሱ ትረካ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ከዚያም ሽማግሌው ሥር ሰድዶ እንደሆነ ጠይቀው በትሩን ነቅለው ጣሉት። ፍሬ የለም፣ ተአምርም የለም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። የመጀመሪያው አድማጭ መጨረሻውን አይቶ ይጽናናል፤ በካሲያን ትረካ ውስጥ ያለው መነኩሴ ግን ከድካሙ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ደግሞም ሁሉም አዛዥ የታመነ መሪ አይደለም፤ የበረሃው አባቶች ራሳቸው መንፈሳዊ አባትን አጥንቶ መምረጥን አጥብቀው ያሳስቡ ነበር።

ከዮሐንስ ጋር የተያያዘ ሌላ ትውፊትም አለ። አሞይ የተባሉት መምህር ለ12 ዓመታት ሲታመሙ አስታመማቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም የምስጋና ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሊሞቱ ሲሉ ግን አባቶች በተሰበሰቡበት እጁን ይዘው ባረኩት፤ ይህ ሰው ሳይሆን መልአክ ነው ብለውም መሰከሩለት።

ዮሐንስ ራሱ መሪ ከሆነ በኋላ አባቶች ወደ ጳይስያ ላኩት። እሷ በወጣትነቷ ቤቷን ለአስቄጥስ መነኮሳት ማረፊያ ያደረገች ወላጅ አልባ ሴት ነበረች። ሀብቷ ሲያልቅ በሴተኛ አዳሪነት መተዳደር ጀመረች። ዮሐንስ ፊቷን አይቶ አለቀሰ። እሷም ንስሐ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው፤ ይቻላል ሲላትም የት እንደሚወስዳት ሳታውቅ ቤቷን እንዳለ ትታ ተከተለችው። ሲመሽ በረሃው ላይ አሸዋ ከምሮ ትራስ ሠራላት፤ ጳይስያ በዚያው ሌሊት ሞተች።

በ407 ዓ.ም. ገደማ በርበሮች አስቄጥስን ወረሩ። ከመጽሐፍ እንደሚታወቀው ኢትዮጵያዊው ሙሴ ጸሊም በዚያው ዘመን በደረሰ ወረራ ከበአቱ አልሸሽም ብሎ ተገደለ። ዮሐንስ ግን ሸሸ። ፈርቶ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የሚገድለው በርበር በእርሱ ምክንያት ኩነኔ እንዳይወርስበት መሆኑን አስረዳ። በዛሬው ስዊዝ አቅራቢያ በቁልዝም ተራራ ኖሮ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ አረፈ። አጽሙም ኋላ ወደ አስቄጥስ ተመለሰ።

በስሙ የተሠራው ገዳም ለዘመናት ቆይቶ ፈርሷል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ግብፃዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ፣ በአካባቢው የነበረው የሐበሾች ገዳም እንጨቱን ምስጥ በልቶት ሲፈርስ መነኮሳቱ በዮሐንስ ሐፂር ገዳም አጠገብ ወዳለች አነስተኛ የእመቤታችን ገዳም እንደተዛወሩ ገልጿል። ዛሬ ከአሸዋው በላይ የሚታየው የጭቃ ጡብ ፍርስራሽ ነው። ከ2006 ጀምሮ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ቁፋሮ አካሂደዋል።