ከእንጦጦ ውሃ የሳበው መሐንዲስ

አዲስ አበባን ውሃ ቆረቆራት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ተራራ አናት ላይ ባደረጉበት ጊዜ ቦታው ለመከላከል የተመቸ ቢሆንም ብርድና ነፋስ የሚበረታበት፣ ውሃና ማገዶም የሚያጥርበት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አካባቢ ቤት ካሠሩ በኋላ በ1879 ዓ.ም ከተማዋ ወደ ታች ወረደች። ይሁንና አዲሱ ቤተ መንግሥት የተሠራው በኮረብታ ላይ በመሆኑ ውሃው ከታች በእንስራ እየተቀዳ ዳገት መውጣት ነበረበት። ይህን ችግር ለማቃለል የተነሣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የምሕንድስና ሙያ ተማረ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአውሮፓ የእጅ ሙያ አዋቂ ይፈልጉ ስለነበር ኢልግ ከሁለት ስዊዘርላንዳውያን ባለሙያዎች ጋር በዘይላ በኩል ተጉዞ በ1871 ዓ.ም አንኮበር ገባ። ንጉሡ በመጀመሪያ የፈተኑት ጫማ እንዲሠራ በማዘዝ እንደነበር ይነገራል። ቀስ በቀስ ግን ቤት ሠሪ፣ ድልድይ ቀያሽ፣ ኋላም አማካሪ ሆነ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቷል፤ አማርኛም ተምሯል።

በ1886 ዓ.ም ግድም ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አስገባ። መስመሩ ቁልቁል ወርዶ፣ ዝቅተኛውን ቦታ አቋርጦ፣ እንደገና ወደ ኮረብታው መውጣት ነበረበት። ውሃ ወደ ላይ መውጣቱን ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። የሥራው ምሥጢር ግን ቀላል ነው፤ ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከሆነና ቧንቧው እስካላፈሰሰ ድረስ ከላይ ያለው ውሃ ክብደት ከታች ያለውን ገፍቶ ያወጣዋል። ሞተር አያስፈልግም። ዛሬም በየወረዳው ከምንጭ ወደ መንደር የሚዘረጉ የግፊት መስመሮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

በዚያው ዓመት ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ተቀበለ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም፣ የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጠው። ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረገው ጉዳይም የንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሰው ሆኖ ሠራ። በ1899 ዓ.ም ገደማ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1908 ዓ.ም በዙሪክ ዐረፈ።

የኢልግ ቧንቧ ውሃን ወደ ቤተ መንግሥት አወረደ፤ ምንጩን የሚመግበው ተራራ ግን በከተማዋ የማገዶና የቤት እንጨት ፍላጎት ተራቆተ። በኋላ ባሕር ዛፍ ሸፈነው። ባሕር ዛፍ ማገዶና ማገር ቢሆንም የአፈሩን ውሃ በብርቱ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደልብ አይበቅልም። ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ በየካ በኩል የሚወርደው የቀበና ወንዝ ደፍርሶ መምጣቱ ጎርፉ የተራራውን አፈር ይዞ እንደሚወርድ ያሳያል።

አንድ መሐንዲስ ብቻውን ቧንቧ ሊዘረጋ ይችላል፤ ተፋሰስን ማወቅ ግን የብዙ ተቋማትን የብዙ ዓመት ልኬት ይጠይቃል። ከኢልግ ብዙ ዘመን በኋላ ይህን ሥራ የጀመሩት የእርሱ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን ናቸው። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በአፈር ጥበቃ ምርምር ተባበሩ። በክልላችንም በደቡብ ወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በምዕራብ ጎጃም አንጀኒ የምርምር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። የዝናቡ መጠን፣ የወንዙ ፍሰትና የሚታጠበው አፈር በየጊዜው ተለካ። ከሥራው የወጣው ግምት በአገሪቱ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ አመለከተ። በአንጀኒ የተሠራው የፋኒያ ጁ እርከንም በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ወደ ደልዳላ ማሳ ለውጦታል። ትብብሩ ቀጥሎ እ.አ.አ በ2011 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በርን ዩኒቨርሲቲ የውሃና መሬት ሀብት ማዕከልን መሠረቱ።

ለወረዳ ባለሙያውና ለአርሶ አደሩ ትምህርቱ ግልጽ ነው። መስመር ከመዘርጋቱ በፊት የምንጩ አቅም በበጋው ማብቂያ፣ ውሃው በሚያንስበት ሰዓት ይለካ። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ከልቅ ግጦሽ ይከለል፤ እርከንና አገር በቀል ዛፍ ያግኝ። የውሃ፣ የግብርናና የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ልኬታቸውን በየፋይላቸው ከመቆለፍ በአንድ መዝገብ ያገናኙት። ቧንቧ ያለውን ውሃ ያደርሳል እንጂ የሌለውን አያፈልቅም፤ ውሃውን የሚያቆየው ተራራው ነው።