የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወት፤ የሌላውን ልጅ ለሚያሳድጉ ምክር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው መልካም ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ልጁን ማስገባት የሥራው መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ብዙ አሳዳጊ እንጀራ አበላሁት፥ ልብስ አለበስሁት፥ ትምህርት ቤት አስገባሁት፤ ታዲያ ስለ ምን ሌሊት ይጮኻል፥ ስለ ምንስ አያምነኝም እያለ ያዝናል። ሲቸግረውም ልጁን ውለታ ቢስ ይለዋል። ይህን ነገር ታስተውል ዘንድ የአንድ የአገራችንን ልጅ ሕይወት በአጭሩ እነግርሃለሁ። የተቀበሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ታሪኩ የሚጠቅመንም ስለዚህ ነው። ክፉ ሰው ሕፃንን እንዴት እንደሚጎዳ ሁሉ ያውቃል፤ ደግ ሰው ሳያውቅ እንዴት እንደሚጎዳ ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ደጃዝማች ዓለማየሁ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ እናቱም የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት መቅደላን ወጋ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። አምባውም ተዘረፈ፥ ኋላም በእሳት ተቃጠለ። እቴጌይቱ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋራ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመሙና በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። እንግዲህ አስብ፤ ይህ ሕፃን በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ አባቱን፥ ቤቱንና እናቱን አጣ።

ከዚያ በኋላ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል እንግሊዛዊ እንዲጠብቀው ታዘዘ። ይህ ሰው ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፥ አማርኛ የሚያውቅና ባሻ ፈለቀ ተብሎ የተጠራ፥ ቁመቱም እጅግ ረጅም ነበረ። ልጁ ሌሊት ይፈራ ነበርና ከስፒዲ ተለይቶ መተኛት አልቻለም፤ በመርከብም ሳሉ እርሱን ተጠግቶ ያድር ነበር። ስፒዲም አልተቈጣውም፥ ንጉሥ ልጅ ሆነህ ትፈራለህን ብሎም አላሳፈረው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። የፈራ ልጅ የሚያስፈልገው ተግሣጽ አይደለም፤ ሲነቃ በአጠገቡ የሚያገኘው ሰው ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ከሆነም እጅግ ይበልጣል።

በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር በደረሱ ጊዜ ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት፤ እጅግም ወደዱት። ስፒዲ ሚስት ካገባ በኋላ ሥራው ወደ ሕንድ አገር ወሰደውና ልጁም አብሮ ሄደ። በዚያም ከባልና ሚስቱ ጋራ እንደ ልጃቸው ሆኖ ኖረ። ነገር ግን ዐሥር ዓመት በሆነው ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት ልጁ በአገራቸው በሚገባ ይማር ብለው ከስፒዲ እንዲለይ ወሰኑ። ልጁ እንዳይለዩት ለመነ፤ ንግሥቲቱም ነገሩን አልወደዱትም፤ ሆኖም ውሳኔው ጸና። ሹማምንቱ ትምህርቱን አሰቡ፥ ወጪውንም ቈጠሩ፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ ልብ ሁለተኛ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ግን አልመዘኑም።

ከዚህ በኋላ በቸልተናም ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ በጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። ብሌክ በ1866 ዓ.ም. ወደ ረግቢ ሲዛወር ልጁም አብሮ ተዛወረ። ቤተ ሰቡ ደጎች ነበሩ፤ ዓለማየሁም በጨዋታ የበረታ፥ በባልንጀሮቹም የተወደደ ነበረ። በመጽሐፍ ትምህርት ግን ብዙ አልገፋም። የእናቱንም ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ስላልነበረ አማርኛውን ረሳ። ኋላ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላኩት፤ በዚያም ኑሮው አልተስማማውም፥ እጅግም አዘነ። ከዚያ ወጥቶ በሊድስ ከተማ ቀድሞ መምህሩ ከነበረው ከራንሰም ዘንድ ተቀመጠ። በዚያም የሳንባ ሕመም ያዘው። በታመመ ጊዜ መርዝ የሰጡት መስሎት መድኃኒቱን እንቢ ያለበት ሰዓት ነበረ። ወዮ! በልጅነቱ ያመነው ሁሉ ከእጁ የተወሰደበት ሰው በሞት አልጋው ላይ የሚያድነውን እጅ ማመን ቢቸግረው ይደንቃልን? ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ።

ንግሥቲቱ ስለ እርሱ እጅግ አዘኑ፤ በፈቃዳቸውም በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቀች፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግን የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይታወካል በማለት እንዳልፈቀደ በ2015 ዓ.ም. ተሰማ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አንደኛ፥ ጽናትን እንማራለን። ብዙ ያየ ሕፃን ከብዙ ቤት መልካምነት ይልቅ የአንድ ቤት ጽናት ይሻላል። ልጅን ዛሬ ከአክስት፥ ነገ ከአጎት ቤት አታዙረው። ሁለተኛ፥ ፍርሃቱን እንደ ጥፋት አትቍጠርበት። ጦርነትን ወይም የወላጅን ሞት ያየ ልጅ እንቅልፍ ቢያጣ፥ ምግብ ቢደብቅ፥ ያለ ምክንያት ቢቈጣ፥ ያለፈው ነገር በውስጡ ገና አላለፈምና ታገሠው። በእርጋታህም ዕለት ዕለት ሰላም መሆኑን አስተምረው። ሦስተኛ፥ ስለ ወላጆቹ እውነቱን እንደ ዕድሜው መጠን ንገረው፤ ስማቸውንም በክብር ጥራ። ቋንቋውንና ዘመዱን ያስረሱት ልጅ ከሥሩ እንደ ተነቀለ ችግኝ ነው።

አራተኛው ነገር ለምእመናን ሁሉ ነው። ስፒዲና ሚስቱ ልጁን አሳደጉ፤ ነገር ግን ውሳኔው በሌሎች እጅ ነበረ። በእኛም ዘንድ አሳዳጊውን ጽድቅ አገኘህ ብለን አመስግነን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እርሱ ግን ሌሊቱን ከሚጮኸው ልጅ ጋራ ብቻውን ያነጋል። ስለዚህ ጎረቤት ሆይ፥ እናቲቱ ትተኛ ዘንድ ልጁን አንድ ቀን ጠብቅላት፤ ለትምህርቱም ወጪ እጅህን ዘርጋ፤ በልጁም ፊት የማደጎ ልጅ ነው ብለህ አታንሾካሹክ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ልጆቻችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ወስኗልና ይህ ሸክም የእኛ ነው።

መርዶክዮስን አስብ። እናትና አባት የሌላትን አስቴርን አሳደገ፤ ወደ ንጉሥ ቤት በተወሰደች ጊዜም ሥራዬን ጨርሻለሁ አላለም፤ ደኅንነቷን ያውቅ ዘንድ በየቀኑ በደጁ ይመላለስ ነበር። በዊንዘር ለዓለማየሁ መታሰቢያ በተሠራው የናስ ሰሌዳ ላይ ጌታችን እንግዳን ስለ መቀበል የተናገረው ቃል ተቀርጿል። ያ ቃል በመቃብር አጠገብ ከመጻፉ በፊት በቤትህ፥ በሕያው ልጅ ፊት ይፈጸም። ዛሬ ማታ በቤትህ የሚፈራ ልጅ ቢኖር፥ ከመተኛትህ በፊት ሂድና በአጠገቡ ተቀመጥ። እግዚአብሔር ይርዳህ፤ አሜን።